ገመድ ለአራተኛው ማዕዘን

በእኛ ከተማ አልጋ ሦስት እግር አለው። አራተኛው ማዕዘን በገመድ ከግድግዳው ጋር ይታሰራል። ገመዱ እግር አይደለም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። ይህን ለእንግዳ ስናስረዳ እንግዳው ጎንበስ ብሎ አልጋውን ያያል፣ ቀና ብሎ እኛን ያያል፣ ከዚያ መሬት ላይ አንጥፎ ይተኛል። መብቱ ነው።

ነገሩ ከሃይማኖታችን የመጣ ነው። ፈጣሪ ዓለምን እንደ ድስት ሊጥዳት ሲል መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፤ ተንከባለለች። ሁለት ላይ አስቀመጣት፤ አዘነበለችና ባሕሩ ፈሰሰ። ሦስት ላይ ቢያስቀምጣት ጸጥ አለች። ድስት ጥዶ የሚያውቅ ሁሉ ይህ እውነት መሆኑን ስለሚያውቅ የተከራከረ የለም። እኔም አልከራከርም። ሦስት ጉልቻ መሬቱ ቢጎረብጥም ይቆማል፤ አራት እግር ያለው በርጩማ ግን ሁልጊዜ አንዱ እግሩ አየር ላይ ነው። አባቶቻችን እስከዚህ ድረስ ልክ ነበሩ። ችግሩ፣ ልክ የሆነ ነገር ሲያገኙ የት ማቆም እንዳለባቸው አለማወቃቸው ነው።

ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ አራት ጫፍ አለው፤ አራተኛው «የሦስተኛው ትከሻ» ይባላል። አህያ ሦስት እግርና አንድ ደጋፊ አላት። ዓመቱ ሦስት ወቅት ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ውርጩ እስኪገባ ያለው ጊዜ ስም ስለሌለው፣ በዚያን ሰሞን የሞተ ሰው ሙት ዓመቱ መቼ እንደሆነ ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ይጣላሉ። ቤተሰብም ሦስት ልጅ አለው። አንድ ወይም ሁለት የወለደ «ገና ነው» ይባላል። አራት የወለደ ግን የለም። አይወልድም ማለቴ አይደለም። ይወልዳል። የለም።

እኔ አራተኛ ነኝ።

ለእንደኔ ዓይነቱ የተሠራ ሥርዓት አለ። አራተኛ የተወለደ ልጅ፣ ሦስተኛው እንደገና እንደመጣ ይቆጠራል። ከእኔ በላይ ያለችው እኅቴ ውዳላት ትባላለች፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ስለዚህ በመዝገብ እኔም ውዳላት ነኝ። ሌላ ውዳላት አይደለሁም፤ ያችው ውዳላት ነኝ። ሠፈሩም ሁለታችንን ለመለየት እኔን «ያችው» ይለኛል። «ያችውን ጥሯት»፣ «ያችው ደግሞ ምን አለች?»፣ «ያችው ምላሷ ይቆረጥ!» የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ልጅ ሳለሁ በበዓል ቀን ከሦስቱ ቤት ገንፎ ይታደል ነበር። ሦስቱ ቤት የምንለው የጸሎት ቤታችንን ነው። ተራዬ ደርሶ ሳህኔን ስዘረጋ አዳዩ ጭልፋውን አየር ላይ ያቆመዋል።

«ውዳላት ወስዳለች።»

«እኔ አልወሰድኩም።»

«ስምሽ ማን ነው?»

«ውዳላት።»

«በይ እንግዲህ፣ ጠግበሻል።»

እውነቱን ለመናገር ጥቅምም ነበረው። እኅቴ እንስራ ስትሰብር እሷ ትገረፋለች፣ እኔ በመዝገብ ተገርፌያለሁ። እንስራ ደግሞ ብዙ ሰብራለች።

ትምህርት ቤት ለአንድ ቤት ሦስት መቀመጫ ነው ያለው። ውዳላት ገባች፤ እኔም በዚያው ተማርኩ ተባለ። በእርግጥ የተማርኩት ከጨው ሻጯ ነው። የጨው ሻጯ መጠቅለያ ከሦስቱ ቤት የተጣለ አሮጌ መዝገብ ነበር። እናቴ ጨው ስታስገዛኝ ጨውን ለወጡ፣ ወረቀቱን ለኔ አደርጋለሁ። ማታ እኅቴ ትምህርቷን ስትለፈልፍ እኔ ፊደሉን ከወረቀቱ ላይ እየለቀምኩ ከድምጿ ጋር አጋጥማለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ማንበብ ቻልኩ። በአሥር ዓመቴ የማን አያት ከማን አያት ጋር ተካሶ እንደተረታ፣ የትኛው የተከበረ ቤት በሐሰት ምስክርነት እንደተቀጣ አወቅሁ። ሠፈሩ ለምን እንደማይወደኝ አሁን ገባችሁ። የመጨረሻው ፈተና ቀን እኅቴን ትኩሳት ያዛትና እኔ ገብቼ ተፈተንኩላት፤ ከከተማው አንደኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱ እኅቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አልከፋኝም። ትንሽ ከፋኝ።

አራተኞች ገመድ እንገምዳለን። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ሥራ የሚሰጠን ስለሌለ ነው። ከገበያው ዳር ባለችው ዳስ ውስጥ ሦስት ነበርን።

አንደኛዋ እማማ ደብሪቱ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሦስተኛዋ ደብሪቱ፣ ማለትም ታላቅ እኅታቸው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስለሞቱ እሳቸውም በመዝገብ ሞተዋል። በሙት ዓመታቸው ድግስ ላይ ተገኝተው «ወጡ ጨው አንሶታል» ቢሉ የመለሰላቸው አልነበረም። ሙት አይናገርም።

ሁለተኛው ጋሽ ዳምጤ ናቸው፤ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ዳምጤ የሦስቱን ቤት ደወል ሰርቆ አሥራ ሁለት ዓመት ስለተፈረደበት እሳቸውም ታሳሪ ናቸው። የወህኒ ዘበኛው በየሦስት ቀኑ ወደ ዳሳችን እየመጣ አለማምለጣቸውን ያረጋግጣል።

«ዳምጤ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«የት?»

«ወህኒ።»

«ጎበዝ።» ምልክት ያደርግና ይሄዳል። አንዳንዴ ቁጭ ብሎ ቃጫ ይፈትልልናል፤ ደግ ሰው ነው።

ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። እኔ እስከ ዐምና ድረስ ምንም አልነበርኩም። ዐምና እኅቴ አገባች።

እንግዲህ ስንሻው የሚባል የአልጋ አናጢ አለ። በየሳምንቱ ገመድ ሊወስድ ወደ ዳሳችን ይመጣል። ሲመጣ መጀመሪያ የሚለው «ያችው፣ ገመድሽ ይረዝማል» ነው። እኔም «አልጋህ ያጥራል» እለዋለሁ። «የሚቀጥለውን አሳጥሪው» ይላል። «የሚቀጥለውን እግር ጨምርበት» እላለሁ። ይህን ስል ግራና ቀኝ ያያል፤ በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ተባባልን። አንድ ቀን መጥቶ ስለ ገመዱ ምንም ሳይል ቆመ።

«ምነው? ዛሬ ልክ ሆነልህ?» አልኩት።

«አባቴ እስከ በዓሉ ጊዜ ሰጥቶኛል» አለ። «እስከዚያ ያልኳትን ካላመጣሁ የሸማኔውን ሦስተኛ ልጅ ያጭልኛል።»

«ያልካት ማን ናት?»

«ያችው ናት እንጂ ማን ትሆናለች?» አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እማማ ደብሪቱ ከቃጫው ሥር «እንኳንም ሳልሞት ይህን ሰማሁ» ካሉ በኋላ ትንሽ አሰቡና «ይቅርታ» አሉ።

በማግስቱ ከስንሻው ጋር መዝገብ ቤት ሄድን። የቆጠራው ሹም አቶ ግዛቸው ናቸው። ቀጭን፣ ሐቀኛ፣ ከመዝገባቸው ውጭ ምንም የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ስም?»

«ውዳላት።»

ገልጠው ገልጠው አገኙኝ። «አግብተሻል።»

«አላገባሁም።»

«ከዐምና ጀምሮ። ቆላ፣ የሰሊጥ ገበሬ። መልካም ትዳር ነው ይላል።»

«እሷ እኅቴ ናት።»

«እኅትሽ ማን ትባላለች?»

«ውዳላት።»

«ታዲያ?» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ስንሻውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ይኼስ ማን ነው?»

«ላገባው ይዤው የመጣሁት ነው።»

«ልጄ፣ ባለትዳር ሴት ጎረምሳ ይዛ መዝገብ ቤት አትመጣም። ነውር ነው።» ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉና ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ደግሞም አምስት ወርሽ ነው። እንዲህ መንገላታት የለብሽም። ኧረ ወንበር አምጡላት!»

ወንበር አመጡልኝ። ተቀመጥኩበት። ከቤቱ ውስጥ እውነት ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነበርና።

«መፍትሔ የለውም?» አልኩ።

«ሁለት አለው። ወይ ከባልሽ ትፋቻለሽ፣ ወይ ትሞቻለሽ።»

«ሦስተኛስ?»

አቶ ግዛቸው መዝገባቸውን ወደ ኋላ ገለጡ። በእኛ አገር ሁለት መፍትሔ ብቻ ያለው ጉዳይ ሁለት እግር እንዳለው በርጩማ ነው፤ እሳቸውንም አስጨነቃቸው። «እሱን… እሱን እንግዲህ ሊቀ ጉልቻው ያውቃሉ» አሉ፤ የሦስቱን ቤት አለቃ ማለታቸው ነው። ስንወጣ ስንሻው በሩ ላይ «አምስት ወር ሲሆን ያቅለሸልሻል ይባላል፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ። ያገባሁት ለዚህ ነው። ወደፊት ሄድኩ እንጂ፣ ገና አላገባሁትም።

በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የመጣድ በዓል ይባላል፤ ዓለም በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደችበት ቀን ነው። በዚያን ቀን በአደባባዩ መሀል ትልቁ አልጋ ይወጣል፤ ከወይራ የተሠራ፣ ዘጠኝ ሰው የሚሸከመው፣ እግሩ ሦስት የሆነ። ሊቀ ጉልቻው በሕዝቡ ፊት በአልጋው ላይ በጀርባቸው ይጋደሙና «ሦስት ይቆማል!» ብለው ይጮኻሉ። ሕዝቡም «ቆመ!» ይላል። የእምነታችን ማረጋገጫ ይህ ነው። አራተኛው ማዕዘን ነጭ ጨርቅ ከተጠመጠመበት ምሰሶ ጋር በገመድ ይታሰራል። ገመዱ፣ እንዳልኩት፣ አይቆጠርም። በየዓመቱ አዲስ ይገመዳል፤ የሚገምዱትም ሦስቱ የዳሱ ሰዎች ናቸው። ሌላ ሰው ሞክሮ አያውቅም።

ትእዛዙን ይዘው አቶ ግዛቸው ራሳቸው መጡ።

«የበዓሉ ገመድ እስከ ሳምንት ይድረስ።»

እኔ እጄን ከቃጫው ላይ አነሳሁ። «ማንን ነው ያዘዙት፣ ጋሼ?»

«አንቺን ነዋ!»

«እኔማ ባሌ ቤት ነኝ። ቆላ። ለዚያውም አምስት ወሬ ነው፤ ጎንበስ ቀና ማለት አይሆንልኝም። የርስዎ መዝገብ ነው ያለው።»

አቶ ግዛቸው ወደ እማማ ደብሪቱ ዞሩ። እሳቸው ቀና እንኳን አላሉም።

«እኔ ሞቻለሁ» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመቴ። የሙት ዓመቴ ድግስ ላይ ነበርክ እኮ፤ ሁለት ጊዜ አስጨምረሃል።»

ጋሽ ዳምጤ የያዙትን ቃጫ አስቀመጡ። ከዚያ «ወህኒ ነኝ» አሉ። በዚያ ወር ከተናገሩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ይህን አስቀድመን አልተማከርንበትም። እውነቴን ነው የምላችሁ። ከአፌ ያመለጠ ነገር ነበር፤ ሁለቱም ወዲያው ጫፉን ይዘው ከራሳቸው ጋር ገመዱት።

አቶ ግዛቸው አልተቆጡም። መዝገብ ቤት ተመልሰው ሦስታችንንም አንድ በአንድ አመሳከሩ፤ ሦስታችንም ትክክል ነበርን። ሐቀኛ ናቸው ብያለሁ፤ ይህን አልነፍጋቸውም። እኅቴ ዘንድ መልእክተኛ ላኩ። እኅቴ ክር እንኳን መርፌ ውስጥ አስገብታ ስለማታውቅ «እኔ ገመድ የማውቀው በሬ አንገት ላይ ነው» ብላ መለሰች። ሌላው ዳምጤ ከወህኒ ወጥቶ እንዲገምድ ተጠይቆ በደስታ ተስማማ፤ ገመዱን ይዞ በአጥር ሊያመልጥ ሲል ተያዘ። በመጨረሻ የሦስቱ ቤት አገልጋዮች ራሳቸው ተሰብስበው ገመድ ገመዱና አልጋውን በግቢያቸው ሞከሩት። ሦስት ጆንያ ጤፍ ጫኑበት። ጤፉን ከግቢው ጠርገው ሲሰበስቡ ዋሉ። «ጆንያ እምነት የለውም» ተብሎ ተነገረ።

በነጋታው ጠዋት ሊቀ ጉልቻው ብቻቸውን ወደ ዳሳችን መጡ። አባ ቢተው ይባላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዕድሜም፣ በማዕረግም፣ በወገብም። ቃጫ ክምር ላይ ተቀመጡና ትንሽ ተነፈሱ።

«ልጆቼ፣ ሦስት ይቆማል» አሉ።

«ይቆማል» አልን ሦስታችንም።

«እንግዲያው ይተኙበታ፣ አባታችን» አልኩ እኔ። «ገመድ ለምን ያስፈልጋል?»

እማማ ደብሪቱ በክርናቸው ጎሸሙኝ። አባ ቢተው ግን አልተቆጡም።

«እኔ አምናለሁ» አሉ። «ወገቤ ግን የራሱ ሐሳብ አለው። ዐምና ገመዱ በጣት ያህል ላላ ሲል ሦስት ወር አሽተውኛል። ያችው የተባልሽው አንቺ ነሽ? ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ለዚህ ጥያቄ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ንግግሩ መግቢያ ነበረው፤ ከአሮጌው መዝገብ የተለቀመ ማስረጃ ነበረው፤ ሁለት ስድብም ነበረው። አፌ ላይ የመጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«ይቁጠሩኝ።»

«ምን ብዬ? አራት ብዬ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ አራት ብል ነገ አምስት በል ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያው የት ነው? እኔ የማውቀው እስከ ሦስት ነው ልጄ። እስከ ሦስት በደንብ አውቃለሁ።»

ስንሻው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ገመድ ሊወስድ መጥቶ ገመድ የለም። አባ ቢተው እሱንም አዩ፣ እኔንም አዩ። ከዚያ አንድ እፍኝ ቃጫ አንስተው መፍተል ጀመሩ። አያውቁበትም። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለኔ ትልቅ ሥራ ነው።

«እናትሽ ቤት ስንት ናችሁ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሦስትና እኔ።»

«ሦስቱማ ሞልቷል። የሞላ ማሰሮ ይከደናል፤ አናቱ ላይ አይጨመርበትም። ከሱ በኋላ የሚመጣው ሌላ ማሰሮ ነው።» የፈተሉትን ጠማማ ነገር ከፍ አድርገው አዩትና ጣሉት። «አንቺ አራተኛ አይደለሽም። አንደኛ ነሽ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ከተማውን ሁሉ በልጬ የወጣሁ ሴት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሳስብ ያልመጣልኝን ነገር አንድ ቃጫ መፍተል የማይችሉ ሽማግሌ በአንድ ጠዋት አመጡት። እስከ ዛሬም ትንሽ ይቆጨኛል።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም፤ አቶ ግዛቸው አሉና። «አንደኛ ካለች ሁለተኛና ሦስተኛ ያስፈልጋል» አሉ። «የተጀመረው ሦስት የሚሞላ ከሆነ በመዝገብ እጽፋለሁ። ካልሆነ አልጽፍም።» ይህን ብለው በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄዱ። እናቴ እናኑ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደጃፍ ላይ ሽሮ ስትነፋ ደረሱባት፤ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ።

«ወይዘሮ እናኑ፣ ሁለት ልጅ ይጎድልዎታል። እስከ በዓሉ።»

«እስከ በዓሉ?» አለች እናቴ። «ዘጠኝ ቀን ነው እኮ የቀረው!»

«መጀመርዎን ካየን ይበቃል።»

«አባታቸው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«እሱን መዝገቡ አይጠይቅም።»

ወንፊቱ ያረፈው ትከሻቸው ላይ ነው። አቶ ግዛቸው ብጫ እስኪሆኑ ሽሮ ለብሰው ወደ ዳሱ ተመለሱና «እናትየው ፈቃደኛ አይደሉም» ብለው ሪፖርት አደረጉ። የኔ ነገር አበቃ ብዬ ተቀመጥኩ። ስንሻው አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁላችንም የምናስበው የሸማኔውን ልጅ ነበር። ደግሞ ጥሩ ልጅ ናት፤ መጥፎ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ሁለቱ እዚህ ተቀምጠን የለም እንዴ?»

አቶ ግዛቸው ሽሯቸውን እያራገፉ «የት?» አሉ።

«ይኸው! እኔና ዳምጤ። እኛም እንደሷ ነን፤ ከሞላ ማሰሮ የተረፍን። ሦስት አይደለንም እንዴ? ቁጠረና!»

አቶ ግዛቸው ቆጠሩን። በጣታቸው፣ አንድ በአንድ። እንደገና ቆጠሩን። መዝገባቸውን ገለጡ፣ የሚከለክል ፈለጉ፣ አጡ። ልጆቹ ከአንድ እናት መሆን አለባቸው ይላል፤ በስንት ዓመታቸው ግን አይልም። ከእናታቸው ማነስ አለባቸው አይልም። በመዝገብ ልጅ የሚወለደው በተጻፈበት ቀን ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈ ታላቅ ነው። አንደኛነት ደግሞ ለኔ ተፈርዷል።

ሁለቱን በልጅነት ትቀበል እንደሆነ እናቴ ተጠየቀች። «ሳላምጥ ከሆነ ሁለት አይደለም ሃያ አምጡ» አለች፤ ሃያ የሚለውን ግን አቶ ግዛቸው እንዳልሰሙ ሆኑ። እንዲህ ሆኖ እናቴ በአሥራ ሦስት ዓመት የምትበልጣት ሴት ልጅ ወለደች። እማማ ደብሪቱ ደግሞ በዚያኑ ቀን ማታ እቤት መጥተው «እማዬ፣ ቆሎ አለ?» አሉ። እናቴ ቀሚሷን አራግፋ ተነሥታ ቆላችላቸው። ሲቆረጥሙ አላየኋቸውም፤ ጥርስ የላቸውም። እጃቸው ውስጥ ይዘውት ብቻ ተቀምጠው ነበር።

አባ ቢተው «በሉ እንግዲህ ገመዱ» ብለው ላኩ። እኔም «መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይገመዳል» ብዬ መለስኩ። ኩራት ነው ብለውኛል አሉ። አዎ፣ ኩራት ነው።

መዝገብ ቤት ሰው ሞላ። አቶ ግዛቸው አዲስ ገጽ ገለጡ፤ ብዕራቸውን ነክረው «አንደኛ። ስም?» አሉ።

የአንደኛን ስም እናት ናት የምታወጣው። እኔ ለራሴ ያሰብኳቸው ስሞች ነበሩ፤ ከአሮጌው መዝገብ የለቀምኳቸው፣ የንግሥት ስሞች። ለእናቴ በጆሮዋ ልነግራት ጎንበስ ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ትርንጎ» አለች።

አላሰበችበትም። ሰው የገዛ ደጁን ከፍቶ እንደሚገባ ነው ያለችው። ለካ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን እያሻሸች፣ ቤቱ ሰው ከሌለበት፣ «ትርንጎ፣ ትርንጎ» ትል ነበር። እኔ መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ለንግሥቶቹ ስሞች ጊዜ አልነበረኝም፤ ዓይኔን ስጠርግ ተጽፎ አለቀ።

«ሁለተኛ። ስም?»

የታናናሾችን ስም የምታወጣው ታላቅ ናት። እማማ ደብሪቱ ወደኔ ዞረው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በይ እትዬ፣ አውጪልኝ» አሉ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም። «ደግሞ አጭር እንዳይሆን። ሰባ አንድ ዓመት ጠብቄ ሚሚ እንዳትይኝ!»

«የሺእመቤት» አልኩ።

ብዕሩ ቆመ። «ሺ?» አሉ አቶ ግዛቸው። «ይኼ ከሦስት ይበልጣል።»

«ስም ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «አይቆጠርም።»

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ የሚያውቁት ሕግ ነዋ። ጻፉት። እማማ ደብሪቱ ስማቸው የተጻፈበትን ቦታ በጣታቸው ሲነኩ ቀለሙ ጣታቸው ላይ ቀረ፤ ሦስት ቀን እጃቸውን አልታጠቡም።

«ሦስተኛ። ስም?»

ጋሽ ዳምጤን «ምን ልበልዎት?» አልኳቸው።

«ዳምጤ» አሉ።

«የድሮውን?»

«ሃምሳ ዓመት የያዝኩት ነው» አሉ። «ሌባው ይቀይር።»

ገመዱን በሦስት ቀን አደረስን። በዓሉ ቀን አባ ቢተው በትልቁ አልጋ ላይ ተጋደሙ፤ አልጋው አንድ ጊዜ እንኳን አልተነቃነቀም። «ሦስት ይቆማል!» አሉ። «ቆመ!» አልን። እኔም ከልቤ ነው የጮኽኩት፤ በእውነት ቆሞ ነበር። እንደተጋደሙ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው ወደ ምሰሶው በኩል አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

በማግስቱ ስንሻውና እኔ መዝገብ ቤት ሄድን። «ስም?» «ትርንጎ።» «ትዳር?» «የለኝም!» ይህን ስል ድምፄ ውጭ ድረስ ተሰምቷል፤ ትዳር የለኝም ብላ እንዲህ የፎከረች ሴት አይተን አናውቅም ይላሉ። የሸማኔው ልጅ በሠርጌ ላይ ከሁሉ በላይ ጨፍራለች፤ ለካ እሷም ስንሻውን አትፈልገውም ነበር። አልጋችን ሦስት እግር አለው። ገመዱን ራሴ ገምጄዋለሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እኅቴ ውዳላት ወልዳ ልትጠይቀን መጣች። ተቃቅፈን ከተላቀስን በኋላ «ምነው ጉድ ሠራሽኝ» አለችኝ። «ብቻዬን ውዳላት ስሆን እንዴት ይከብዳል! ትናንት አማቴ ሲቆጡኝ ግማሹን የሚካፈለኝ አጣሁ።» የምስክር ወረቀቱንም አምጥታ ነበር፤ መልሼ ሰጠኋት። ልጇ አንድ ቀን ይቺ ሰነፍ እናቴ እንዴት አንደኛ ወጣች ብሎ ይጠይቃት።

አሁን መዝገብ ቤት በር ላይ አራተኞች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይሰለፋሉ። አንድ ብቻውን የቀረ ካለ ሁለት እስኪመጡለት ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። አቶ ግዛቸው ቀለም አልቆባቸዋል። አራት ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም፤ ማንም እምነቱን አልተወም፣ ማንም ከአልጋ አልወደቀም።

የሺእመቤት የተባሉት ታናሽ እኅቴ ግን አስቸገሩን። ጆሯቸው የድመት ነው፤ ከገበያው ማዶ ሹክሹክታ ይሰማሉ። ስማቸውን ስጠራ ግን አይዞሩም። «የሺእመቤት!» ዝም። «የሺእመቤት!» ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሠፈሩ ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «አቤት እትዬ፣ እኔን ነው?» ይላሉ። «ሆን ብለው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያሳፍራል» እላለሁ። እኔ እንደሳቸው የስም ርሃብ የለብኝም።

ትናንት ከወንዝ ስመለስ ስንሻው ከኋላዬ «ትርንጎ!» ብሎ ጠራኝ። ሰው ብዙ ነበር፤ ሁለት ሦስቱ ዞረው አዩኝ። እኔ እንስራዬን እንዳዘልኩ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰምቼዋለሁ። ይድገመው ብዬ ነው።